ከወላጅ ጋር የብዙ ቀን የበረሃ ሩጫ፦ ድሬዳዋ ላይ እንዴት እንዘጋጅ?

"ከአባቴ ጋር በረሃ ልሮጥ ነው" ስትሉ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ዕድሜውን ነው። ዕድሜ እኔን ያን ያህል አያሳስበኝም። ማራቶን ደ ሳብል በሚባለው የሞሮኮ የበረሃ ውድድር ላይ ከ60 ዓመት በላይ የሆናቸው ሯጮች በየዓመቱ ይሳተፋሉ፣ ይጨርሳሉም። የሚያሳስበኝ ይሉኝታ ነው። አባት ጉልበቱን እያመመው "ደህና ነኝ" ይላል። ልጅ ውሸት መሆኑን እያወቀ አክብሮ ዝም ይላል። ቤት ውስጥ ይሄ ጨዋነት ነው። በ40 ዲግሪ ሙቀት፣ በአራተኛው ቀን ግን ሰው ይጥላል።

ስለዚህ ስለ ጫማ፣ ስለ በሶና ስለ አሸዋ እናወራለን፤ ግን በየደረጃው ከወላጅ እውነተኛውን መልስ እንዴት እንደምታወጡም እነግራችኋለሁ። "አባት" እያልኩ የምጽፈው እኔ የሮጥኩት ከአባቴ ጋር ስለሆነ ነው። ለእናትም ያው ነው። እንዲያውም እናቶች ይብሳሉ።

1. ምን ውስጥ እንደምትገቡ እወቁ

ከነዚህ ውድድሮች በጣም የታወቀው በደቡብ ሞሮኮ የሚካሄደው ማራቶን ደ ሳብል ነው። ፓትሪክ ባወር የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1984 ብቻውን ሰሃራ ውስጥ 350 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ተጓዘ። ከዚያ በ1986 ውድድሩን ጀመረው። ርቀቱ 250 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሆኖ በአንድ ሳምንት ውስጥ በየቀኑ ተከፋፍሎ ይሮጣል። ከቀኖቹ አንዱ ረጅም ነው፤ 80 ኪሎ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ። ብዙ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲጓዝ ያድራል።

ምግባችሁንና መኝታችሁን የምትሸከሙት ራሳችሁ ናችሁ። አዘጋጆቹ ውሃና ድንኳን ይሰጣሉ። ለዓመታት በቆየው ደንብ ቦርሳው ያለ ውሃ ከ6.5 እስከ 15 ኪሎ መመዘን አለበት፤ ምግቡ ደግሞ በቀን ቢያንስ 2,000 ካሎሪ መሆን አለበት። ኮምፓስ፣ ፊሽካ፣ መስታወት፣ የግንባር ባትሪ፣ ስሊፒንግ ባግ የመሳሰሉት ግዴታ ናቸው። ደንቡ ሊቀየር ስለሚችል የምትመዘገቡበትን ዓመት አንብቡ።

ከሁሉም ኋላ ግመሎች ይከተላሉ። ግመሎቹ ከቀደሟችሁ አበቃ። የድሬ ሰው ይሄን ሲሰማ ይስቃል፤ ግመል ሲያይ ነው ያደገው። ግን ግመል አይቸኩልም፣ አይቆምምም። በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ያለ ብዙ ዕረፍት የሚራመድ ሰው 40 ኪሎ ሜትሩን በ10 ሰዓት ይጨርሳል። አብዛኛው ተሳታፊ ብዙውን መንገድ ይራመዳል። ይሄን ለአባታችሁ ቀድማችሁ ንገሩት፤ "ሩጫ" ሲባል ስታዲየም ነው የሚታየው።

ገንዘቡን በተመለከተ አልዋሻችሁም። መመዝገቢያው በሺዎች የሚቆጠር ዩሮ ነው፣ እሱም በሁለት ተባዝቶ። ቪዛና አውሮፕላን ሲጨመር ይከብዳል። ካልተቻለ ደረጃ 8 ላይ ያለው የራሳችን አገር ልምምድ ራሱ በቂ ጉዞ ነው።

2. ማን እንደፈለገው አጣሩ

ልጅ ይመኛል፣ አባት ልጁን ላለማሳዘን "እሺ" ይላል። በዚህ የተጀመረ ነገር ሦስተኛው ወር ላይ ይፈርሳል። ማጣሪያው ቀላል ነው። ለሁለት ሳምንት ምክንያት ፈልጋችሁ ከልምምድ ቅሩ። ብቻውን ከወጣ የራሱ ፍላጎት አለው። ካልወጣ በግልጽ አውሩ።

ከድሬ ተነስቶ በእግሩ ቁልቢ ገብርኤል የሄደ ወላጅ ካላችሁ ደግሞ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል። ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 ያንን ዳገት የወጣ ሰው የሌሊት ጉዞ ምን እንደሆነ ያውቃል። እግር ውሃ ሲቋጥር ምን እንደሚያደርግም ያውቃል። ስለዚያ ጉዞ አስወሩት። ወላጅ ያለፈ ሕመሙን በደስታ ይተርካል፤ የሚደብቀው የአሁኑን ነው። የትኛው እግሩ ቀድሞ እንደሚያስቸግረው፣ ሆዱ ምን እንደማይቀበል፣ ሲደክመው ዝም እንደሚል ወይስ እንደሚቆጣ ከዚያ ወሬ ታገኛላችሁ። ጻፉት።

3. ሁለታችሁም ተመርመሩ

ውድድሩ የሐኪም ማረጋገጫና የልብ ኢሲጂ ውጤት ይጠይቃል። እናንተ ግን ለወረቀቱ ብላችሁ አትሂዱ። ቢያንስ ከስድስት ወር በፊት፣ አብራችሁ ሂዱ። "አባዬ፣ አንተ ተመርመር" ካላችሁት ይከፋዋል። "እንመርመር" በሉት። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ኩላሊት፣ ልብ። ዕድሜው ከ50 ካለፈ እየተራመደ ወይም እየሮጠ የሚደረገውን የልብ ምርመራ ሐኪሙን ጠይቁት። እሱ በአቅራቢያ ካልተገኘ አንድ የአዲስ አበባ ጉዞ ያስከፍላችኋል፤ ይገባዋል።

የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶች ሽንት ያበዛሉ። በሙቀት ላይ ይሄ ሲጨመር ሰውነት በፍጥነት ይደርቃል። መጠኑን መቀየር የሐኪሙ ሥራ ነው፤ በራሳችሁ አታቋርጡ።

ሌላው አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ነው። በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ አለ። ጉልበት ሲያም አንድ፣ ማታ ሌላ አንድ ይዋጣል። ውሃ ባጠረው ሰውነት ላይ እነዚህ ኩላሊት ይጎዳሉ፣ በተለይ በዕድሜ ለገፋ። በሩጫው ሳምንት አይዋጡም። ከመነሳታችሁ በፊት የአባታችሁን ኪስ ፈትሹ፣ ቅር ቢለውም።

የድሬ ጉዳይ ደግሞ አለ። ወባ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ዴንጌ ከተማውን አዳርሶት ነበር። ትኩሳት ከያዘ ልምምድ የለም፤ "ላብ ያወጣዋል" የሚባል ነገር አይሠራም። ተመርመሩ፣ ዳኑ፣ ቀስ ብላችሁ ተመለሱ።

4. የንግግር ስምምነት አድርጉ

ይሄ ለእኔ ከጫማ ይቀድማል።

"ደህና ነህ?" የሚለውን ጥያቄ ጣሉት። መልሱ ሁልጊዜ "ደህና" ነው። በቁጥር ጠይቁ። እግር፣ ሆድ፣ ራስ፤ ሦስቱን ከ1 እስከ 10። 1 ምንም አያምም፣ 10 በቃኝ፣ ላቁም። በየሰዓቱ አንዴ ይጠየቃል። መጀመሪያ የሚመልሰው ልጅ ነው፤ እውነቱንም ይናገራል። "እግሬ 5፣ ሆዴ 6፣ ራሴ 2" ስትሉ አባት የራሱን መናገር አያፍርም። እናንተ "ሁሉም 1" ካላችሁ እሱም 1 ይላል፣ ጫማው ደም ሞልቶም ቢሆን።

መጀመሪያ ሰሞን ይሳቅበታል። የእኔ አባት "ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት የፈተና ውጤት ነው አቦ!" እያለ ለጎረቤት ያወራብኝ ነበር። ከወር በኋላ እሱ ራሱ ሰዓቱን አይቶ "ስንት ነህ?" ማለት ጀመረ።

ሁለተኛው ስምምነት፣ አንዱ ቢያቆም ሌላው ምን ያደርጋል የሚለው ነው። ብዙ ሰው "አብረን ጀመርን፣ አብረን እናቆማለን" ይላል። ያምራል፤ ግን ክፉ ደንብ ነው። አባት "እኔ ካቆምኩ ልጄም ይቀርበታል" ብሎ ካሰበ እስኪወድቅ አይናገርም። ስለዚህ ተቃራኒውን ተስማሙ። የወጣው ሰው በሐኪሞች እጅ ካለና ደህና ከሆነ ሌላው ይቀጥላል። ለሁለታችሁም ይሠራል። ልጅም ሊወጣ ይችላል፣ አባት ሊጨርስ ይችላል። ይሄ ሲታወቅ "በቃኝ" ማለት ይቀላል።

ሦስተኛ፣ ሥራ ተከፋፈሉ። ሰዓትና ፍጥነት የአባት ነው። ውሃና ጨው የልጅ። አባቴ የምድር ባቡር ሰው ስለነበር ሰዓት ይወዳል። 8 ደቂቃ እርምጃ፣ 2 ደቂቃ ሶምሶማ ብሎ ሲያዝ ደስ ይለው ነበር። ኋላ የሚቀር ሰው ሳይሆን የሚመራ ሰው ሆነ።

5. የት እንለማመድ?

ድሬ ለዚህ የተሠራች ነው ማለት ይቻላል። ከፍታዋ 1,200 ሜትር አካባቢ፣ ሙቀቷ ደረቅ፣ ከዳርቻዋ አሸዋ፣ ከጀርባዋ ተራራ።

ለአሸዋ ከተማውን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አለ። በበጋ ሰፊ የአሸዋ መንገድ ነው። በአጭር እርምጃ ሂዱ፣ ተረከዝ አትውጉ፣ ሌላ ሰው የረገጠውን ጠንካራ ቦታ ተከተሉ። መጀመሪያ 20 ደቂቃ ይበቃል፤ ባት ይበላል። ግን አንድ ነገር አትርሱ። ደቻቱ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ይሞላል፤ ዝናቡ የሚዘንበው ከላይ ከተራራው፣ ደንገጎ በኩል ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ተራራው ላይ ደመና ካያችሁ ከአሸዋው ውጡ።

ለሜዳ ወደ ሺኒሌ ውጡ። ከድሬ በስተሰሜን ነው፣ ቅርብ ነው። ጥላ የለም፣ ነፋስና አቧራ አለ፣ አድማሱ አይደርስም። ከእውነተኛው በረሃ ጋር በጣም የሚቀራረበው ይሄ ነው። አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ሳትይዙና ስለ ፀጥታው ሳትጠይቁ ግን አትራቁ። የግመል ወተት ቢቀርብላችሁ ደግሞ አፍሉት፤ ካልፈላ ወተት የሚይዘው ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ ቀልድ አይደለም።

ለዳገት የደንገጎ መንገድ። ወደ ሐረር የሚወጣው ጠመዝማዛ። አስፋልቱ ላይ ኤፍኤስሩም ሚኒባሱም ይበራል። ስለዚህ በጠዋት ውጡ፣ መኪናውን ፊት ለፊት እያያችሁ በግራ ጠርዝ ሂዱ። ዳገቱን እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ ውጡ። የአባት ጉልበት የሚጎዳው ሲወጣ ሳይሆን ሲወርድ ነው፤ ቁልቁለቱን መጀመሪያ ሰሞን በሚኒባስ ተመለሱ።

ሐረር 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ለረጅም እርምጃ ደስ ትላለች። ጀጎልን በውጭ በኩል መዞርም ጥሩ ነው፣ ምንም እንኳን አባታችሁ ከሚያውቀው ሰው ሁሉ ጋር ሰላምታ ሲለዋወጥ ሰዓቱ ቢያልቅም።

ፕሮግራሙ ቀላል ይሁን። መጀመሪያ ሁለት ወር በሳምንት ሦስት ቀን የአንድ ሰዓት እርምጃ። ቀጥሎ አራት ቀን፣ አንዱ ረዘም ያለ። ከዚያ ቅዳሜና እሑድን ማያያዝ ጀምሩ፤ ቅዳሜ የደከመ እግር እሑድ ሲሄድ ነው የብዙ ቀን ሩጫ የሚለመደው። በየሳምንቱ የምትጨምሩት ከ10 በመቶ ብዙ አይብለጥ። በየአራተኛው ሳምንት ቀንሱ። በዕድሜ የገፋ ሰው ጡንቻው ቶሎ አያገግምም። እናንተ አንድ ቀን ሲበቃችሁ ለእሱ ሁለት ስጡት። ቤት ውስጥ በርጩማ ላይ ያለ እጅ ድጋፍ መቀመጥና መነሳት፣ 10 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ለጉልበት ከዚህ የተሻለ መድኃኒት አላየሁም።

ፍጥነታችሁን በወሬ ለኩ። አባት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ካልተናገረ ፈጥናችኋል።

6. ሙቀቱን ልመዱ

"የድሬ ልጅ ሙቀት አያስፈራውም" ይባላል። ልክ አይደለም። እኛ ሙቀት የምንሸሽ ሰዎች ነን። ከንጋቱ 11 ሰዓት እንሮጣለን፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ሽርጥ ታጥቀን ጥላ ሥር እንተኛለን። የሰሃራ ፀሐይ ያንን ሰዓት አይሰጣችሁም።

ሰውነት ሙቀት የሚለምደው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ከመጓዛችሁ በፊት ባለው ወር ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ ወጥታችሁ ተራመዱ። የመጀመሪያው ቀን 20 ደቂቃ። ቀስ እያላችሁ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል። ላብ ቶሎ መምጣት ሲጀምርና የልብ ምት ሲረጋጋ ሰውነታችሁ ገብቶታል ማለት ነው። ካቆማችሁ በጥቂት ሳምንታት ይጠፋል። ስለዚህ የመጨረሻውን ሁለት ሳምንት አዲስ አበባ ዘመድ ጥየቃ አትጨርሱት።

ብርዱ ደግሞ ይረሳል። በረሃ ሌሊት ይበርዳል፣ የድሬ ሰው ደግሞ ብርድ አያውቅም። ስሊፒንግ ባጋችሁን ቁልቢ ወይም ሐረር አንድ ሌሊት፣ መሬት ላይ ተኝታችሁ ሞክሩት። አባት ጀርባውን ካመመው ቀጭን ፍራሽ ጨምሩለት። ክብደቱ ቢጨምርም ይጨምር፤ እንቅልፍ ያጣ አባት በሦስተኛው ቀን አይነጋገርም።

7. ቦርሳ፣ ምግብ፣ ውሃ፣ እግር

ቦርሳውን በ2 ኪሎ ጀምሩ፤ ሩዝ በፌስታል አስገቡ። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ኪሎ። አባት "ስጠኝ፣ እኔ ልያዝልህ" ይላል። አትስጡት። ለእያንዳንዱ የራሱ ዕቃ የራሱ ጀርባ ላይ።

ስለ ምግብ ግን የእኛ አገር ሰው የሚቀናበት ነገር አለው። ፈረንጆቹ በውድ ዋጋ የሚገዙትን ደረቅ ምግብ እኛ በእጃችን እንሠራዋለን። በሶ እሳት አይፈልግም፣ በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፣ ሆድ ላይ ይቀመጣል። ስኳርና ቁንጥጫ ጨው ጨምሩበት። ጭኮ በቅቤ ስለሚታሽ በትንሽ ክብደት ብዙ ካሎሪ ይይዛል። የባቢሌ ለውዝ በ100 ግራም ከ550 ካሎሪ በላይ አለው። ተምር ለመንገድ ነው። ድርቆሽ በትንሽ ሙቅ ውሃና በርበሬ ማታ ይበላል። ቋንጣ ለጨውና ለአፍ ጣዕም። ሥጋ ማስገባት የሚከለክሉ አገሮች ስላሉ ግን የምትሄዱበትን አገር ጉምሩክ አጣሩ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ለሰባት ቀን 14,000 ካሎሪ ያስፈልጋል። አማካዩ በግራም 4.5 ካሎሪ የሆነ ምግብ ከመረጣችሁ 3 ኪሎ ከ100 ግራም ገደማ ይመጣል። በየቀኑ ለየብቻ ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ ቀኑን ጻፉበት። ጣፋጭ ብቻ አትሙሉ። በአራተኛው ቀን ሰው ጨው ነው የሚያምረው።

ጾሙንም አስቡ። ውድድሩ ብዙ ጊዜ ሚያዝያ አካባቢ ስለሚውል ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። እናት "ጭኮ በቅቤ አልበላም" ካለች ክርክር ውስጥ አትግቡ። በዘይት እሹት፣ ለውዝና ሰሊጥ ጨምሩ፣ ካሎሪው ይሞላል። መብላት ወይም አለመብላት የእሷና የንስሐ አባቷ ጉዳይ ነው። ረመዳን በልምምዱ ወራት ከገባ ደግሞ ረጅሙን እርምጃ ከኢፍጣር በኋላ አድርጉት፤ የሙቀት ልምምዱን ጾሙ እስኪወጣ አቆዩት።

ስለ ጫትም ላውራ። ድሬ ተቀምጦ ይሄን መዝለል አይቻልም። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ የልብ ምትና ግፊት ይጨምራል። አራቱም በበረሃ ጠላት ናቸው። በውስጡ ያለው ካቲኖን በውድድር ጊዜ በዓለም አቀፉ ፀረ አበረታች ዝርዝር ውስጥ ተከልክሏል። ብዙ አገር ላይ ይዞ መገኘትም ያሳስራል። አባታችሁ በርጫ የለመደ ከሆነ ከወራት በፊት መቀነስ ይጀምር። በአንድ ቀን ቁረጥ ብትሉት ይከፋዋል፣ ልምምዱንም ይተወዋል።

ውሃ። በዕድሜ የገፋ ሰው ጥማት ቶሎ አይሰማውም። "አልጠማኝም" ሲል እውነቱን ነው፤ ግን ሰውነቱ ደርቋል። ስለዚህ አትጠይቁ፣ መዝኑ። ከረጅም እርምጃ በፊትና በኋላ ሚዛን ላይ ይውጣ። አንድ ኪሎ ከቀነሰ አንድ ሊትር ያህል ጎድሎታል። ከክብደቱ 2 በመቶ በላይ ከቀነሰ በሚቀጥለው ጊዜ ይበልጥ ይጠጣ። ክብደት ከጨመረ ደግሞ አብዝቷል ማለት ነው። ይሄም አደገኛ ነው፤ ባዶ ውሃ ሲበዛ የደም ጨው ይወርዳል፣ ሰው ይደነዝዛል፣ ራሱን ይስታል። በየተወሰነ ደቂቃ ጥቂት ጥቂት ጉንጭ ይጠጣ። በመሃል ኦአርኤስ (ለተቅማጥ የሚሰጠው የጨውና የስኳር ዱቄት)፣ አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር። ካለቀ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ሊትር ይበጠበጣል። የሽንት ቀለምም ይነግራችኋል፤ ጠቆር ካለ ጠጡ። አባትን ስለ ሽንቱ መጠየቅ የሚያሳፍር ከሆነ ከስምምነቱ ቁጥር ጋር ጨምሩት። የእኛ አራተኛ ቁጥር ነበረች።

እግር። ጫማው ከተለመደው ግማሽ ወይም አንድ ቁጥር ይበልጥ፤ እግር በሙቀት ያብጣል። አሸዋ እንዳይገባ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጫማው ጠርዝ የሚሸፍን ጨርቅ ያስፈልጋል። ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም። የጃንጥላ ጨርቅ ይዛችሁ ልብስ ሰፊ ጋ ሂዱ። ጨርቁን ከጫማው ጋር የሚያያዘውን ተጣባቂ (ቬልክሮ) በጫማው ዙሪያ ጫማ ሰፊው ይስፋላችሁ፤ በሙጫ ብቻ ከሆነ ሙቀት ያነሳዋል። ጥፍር ከሳምንት በፊት ይቆረጥ። አንድ ቦታ መሞቅ ከጀመረ ወዲያው ቁሙና ፕላስተር ለጥፉ። ውሃ ከቋጠረ ንጹሕ መርፌ፣ አልኮል፣ ጠርዙ ላይ መብሳት፣ ቆዳውን ግን አለመላጥ። ማታ ማታ የአባታችሁን እግር እናንተ እዩት፣ የእናንተን እሱ ይየው። እግር ማጠብ በእኛ ባህል ክብር ነው፤ ይሄን አጋጣሚ ተጠቀሙበት። እግሩን ያየ ሰው ቁጥር አያስፈልገውም።

8. አጠቃላይ ልምምድ

ከጉዞው ስድስት ሳምንት በፊት ሦስት ተከታታይ ቀን ውጡ። አንድ ቀን የሺኒሌ ሜዳ፣ አንድ ቀን ደንገጎ፣ ሦስተኛው ቀን አጭር የአሸዋ እርምጃ። ሙሉ ቦርሳ፣ የውድድሩ ምግብ፣ የውድድሩ ካልሲ። ማታ መሬት ላይ ተኙ። አንድ ባጃጅ ተከራይታችሁ ውሃ ይዞ ይከተላችሁ። ሹፌሩ "አባባ፣ ግቡ ላድርሳችሁ" ማለቱ አይቀርም፤ ቀድማችሁ አስጠንቅቁት።

ከሦስቱ ቀን በኋላ ያልተነካ ዕቃ ሁሉ ከቦርሳ ይውጣ፣ ግዴታ የሆነው ሲቀር።

9. ሩጫው ላይ

የመጀመሪያው ቀን ሁሉም ይሮጣል። ሙዚቃው፣ ጩኸቱ፣ ሄሊኮፕተሩ። አባት ይነሳሳል። ሰዓቱ በእሱ እጅ ነው፣ ግን ደንቡን የጻፋችሁት አብራችሁ ነው። 8 በ2።

ቼክ ፖይንት ላይ አትቀመጡ። ውሃ፣ ጨው፣ እግር ማየት፣ መሄድ። ሲቀመጡ ጉልበት ይደርቃል። ረጅሙ ቀን ላይ ግን ከመጨለሙ በፊት 20 ደቂቃ ተኝታችሁ ትኩስ ነገር ጠጡ። ሌሊት ልጅ ከፊት፣ አባት ከኋላ ሳይሆን ጎን ለጎን ሂዱ። ከኋላ ያለ ሰው ዝም ሲል አይታይም።

የአሸዋ ማዕበል ከተነሳ ቁሙ። ፊታችሁን ሸፍኑ፣ እጅ ለእጅ ተያያዙ፣ ምልክቱ እስኪታይ አትንቀሳቀሱ። እ.ኤ.አ. በ1994 ማውሮ ፕሮስፔሪ የተባለ ጣሊያናዊ ሯጭ በማዕበል መሃል መንገድ ስቶ ከዘጠኝ ቀን በላይ ጠፍቶ ነበር። የተገኘው አልጄሪያ ውስጥ ነው።

ድንኳን ውስጥ አብረዋችሁ የሚያድሩትን ሰዎች ተግባቡ። አባት ለልጁ የማይነግረውን ለእንግዳ ይነግራል፣ በምልክት ቋንቋም ቢሆን። "ዛሬ እንዴት ዋለ?" ብላችሁ እነሱን ጠይቁ።

ማቆም ያለባችሁ መቼ ነው? እግር ሲያም አይደለም። ራስ ሲዛባ ነው። ንግግሩ ከተወላገደ፣ ከተንገዳገደ፣ ካስመለሰው፣ ያለ ምክንያት ከተቆጣ ጠርጥሩ። መፈተኛ ጥያቄ ቀድማችሁ ያዙ። የእኔ "ከለገሃር ተነስተህ ቀፊራ በየት በኩል ትሄዳለህ?" ነበር። ድሬ ተወልዶ ይሄን ለመመለስ የሚያስብ ሰው ታሟል። ያኔ ድርድር የለም። ጥላ ፍጠሩ፣ ቦርሳና ልብስ አውልቁ፣ ውሃ አካሉ ላይ አፍስሱ፣ አራግቡ፣ በያዛችሁት መሣሪያ ላይ ያለውን የአደጋ ጥሪ ተጫኑ። ማቀዝቀዙ ይቀድማል፣ ማጓጓዙ ይከተላል።

10. ከተመለሳችሁ በኋላ

ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ ወይም እግር አንድ በኩል ብቻ ካበጠና ካመመ በቀጥታ ሐኪም ቤት። የግፊት መድኃኒቱ ተቀይሮ ከነበረ ያዘዘው ሐኪም ዘንድ ተመለሱ። ውሃ የቋጠረው ቦታ እስኪደርቅ ነጠላ ጫማ።

ጎረቤት ለቡና ይመጣል። ያኔ አባታችሁ ከጎናችሁ ተቀምጦ የደበቃችሁን ሁሉ ያወራል። ጆሯችሁን ጣል አድርጋችሁ ያዙት። ቢያንስ ሁለት ሳምንት እርምጃ ብቻ፣ ያለ ቦርሳ። ሶምሶማ በአራተኛው ሳምንት፣ በአስፋልት ሳይሆን በአፈር መንገድ። የወደቀው የእግር ጥፍር ለመብቀል ወራት ይፈጅበታል፤ እስከዚያ ጠባብ ጫማ አይደረግም።